አሉሚኒየም የማይበይደው ቲግ

ከደሴና ከኮምቦልቻ የምትጽፉልኝ ወጣቶች ደጋግማችሁ «ለቤት ውስጥ ሙከራ የትኛውን ቲግ ማሽን ልግዛ?» ትሉኛላችሁ። በያጅ ነኝና የማውቀውን ልንገራችሁ። ቲግ በተንግስተን ዘንግና በጋዝ ከለላ የሚበየድበት መንገድ ነው። «ቲግ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ኢንቨርተር ሁሉ አሉሚኒየም ይበይዳል የሚባለው ስሕተት ነው።

ርካሾቹ ማሽኖች በአብዛኛው የሚሰጡት ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ብቻ ነው። ለብረትና ለስቴንለስ ይበቃል። አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፣ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። ያንን ሽፋን የሚያጸዳው ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ነው። ስለዚህ የአሉሚኒየም ድስት ወይም የመኪና ራዲያተር ለመጠገን ያሰበ ሰው «ኤሲ/ዲሲ» የሚለውን ይፈልግ። ዋጋው ይከብዳል፤ ሥራችሁ የብረት ወንበርና ጠረጴዛ ከሆነ ገንዘባችሁን በከንቱ አታውጡ።

ለ1 ሚሊሜትር ብረት 40 አምፔር ያህል ይበቃል፤ ለጀማሪ 160 አምፔር ጥሩ ነው። ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። በሰሌዳው ላይ በ160 አምፔር 60% ካለ፣ በዚያ ኃይል ከ10 ደቂቃ 6ቱን ይሠራል፣ 4ቱን ያርፋል ማለት ነው።

ጋዙ ንጹሕ አርጎን ይሁን፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተንግስተኑን ያቃጥለዋል። ሲሊንደሩን የት እንደምታስሞሉ ሳታረጋግጡ ማሽን አትግዙ። ነፋስ አርጎኑን ስለሚበትነው ደጅ ላይ ስትበይዱ ከለላ አድርጉ።

ጫፉ ቀይ ቀለም ያለው ተንግስተን ቶሪየም አለበት፤ ጨረር አመንጪ ስለሆነ ሲሳል የሚወጣው አቧራ ለሳንባ አደገኛ ነው። እኔ ላንታነም ያለበትን እመርጣለሁ።

የምትበይዱትን የብረት ዓይነትና ውፍረት ጻፉልኝ፤ ለእያንዳንዳችሁ እመልሳለሁ።