ችግኝ፣ ዕጣና ፒስተን፦ የማይንክራፍት የዛፍ እርሻ

ማይንክራፍትን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ተጫዋች ባዶ እጁን ነው። ቤትም መሣሪያም የለውም። ፀሐይዋ ደግሞ አትጠብቅም፤ በዚህ ዓለም አንድ ቀን ከነሌሊቱ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው ሥራውን የሚጀምረው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ አጠገቡ ወዳለው ዛፍ ይሄድና ግንዱን በቡጢ ይደበድባል። ሦስት ሴኮንድ ያህል ሲመታው አንድ ኩብ ግንድ ተገንጥሎ እጁ ይገባል። ያን ጊዜ ነው እንግዳው ነገር የሚታየው፤ ዛፉ አይወድቅም። እግሩ የተቆረጠው ግንድ ከነቅጠሉ አየር ላይ ቆሞ ይቀራል።

የዛፍ እርሻ ነዳፊዎች ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዛፉ ስለማይወድቅ እያንዳንዱ የግንድ ኩብ አንድ በአንድ መነቀል አለበት፤ ወይ ሰው ወደ ላይ ይወጣል፣ ወይ ማሽን ግንዱን ወደ ሰው ያመጣል።

ስዊድናዊው ፕሮግራመር ማርከስ ፐርሰን ማይንክራፍትን ለሕዝብ የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የተሟላው እትም በ2011 ወጣ፤ በ2014 ማይክሮሶፍት የጨዋታውን ባለቤት ሞጃንግን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2023 ደግሞ የተሸጠው ቅጂ ከ300 ሚሊዮን ማለፉ ተገለጸ። ምድሩም፣ ድንጋዩም፣ ዛፉም ጎናቸው አንድ አንድ ሜትር በሆነ ኩቦች የተሠሩ ናቸው፤ ተጫዋቾች ብሎክ ይሏቸዋል። ብሎክ መንቀል፣ ሌላ ቦታ መደርደር፣ ከአንዱ ሌላውን መሥራት፣ ጨዋታው በመሠረቱ ይኸው ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እንጨት የማይገባበት ሥራ ጥቂት ነው። የመጥረቢያው እጀታ፣ የዕቃው ሳጥን፣ የመጽሐፉ መደርደሪያ፣ በሩና አጥሩ ከእንጨት ይወጣሉ። ግንድ እቶን ውስጥ ሲገባ ከሰል ይሆናል፤ አንድ ከሰል ደግሞ ስምንት ዕቃ ያበስላል ወይም ያቀልጣል። ግንባታው ከፍ ሲል ፍላጎቱ በአንዴ ያሻቅባል። ርዝመቱ 100፣ ከፍታው 20 ብሎክ የሆነ አንድ ግድግዳ 2,000 ጣውላ ይበላል። አንድ ግንድ አራት ጣውላ ስለሚሰጥ ይህ 500 ግንድ ማለት ነው፤ በባዶ እጅ ቢነቀል ዛፍ ፍለጋ መዞሩ ሳይቆጠር ድብደባው ብቻ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ግድግዳው ደግሞ ገና አንዱ ነው። ቤተ መንግሥት ወይም ከተማ የሚያስብ ተጫዋች በዙሪያው ያለውን ጫካ በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ ነው ሰው መትከል የሚጀምረው። ባህር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ የማይንክራፍት ዛፍ ግን ጉቶ የለውም፤ የሚተካው በችግኝ ብቻ ነው። ችግኙ የሚገኘው ከቅጠሉ ነው። ግንዱ ሲነቀል ከግንድ የራቀው ቅጠል ቀስ በቀስ ይረግፋል፤ ከሚረግፉት ቅጠሎች መካከል በአማካይ ከ20 አንዱ ችግኝ ይጥላል። ጀንግል በሚባለው የሞቃት ደን ዛፍ ላይ ዕድሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ40 አንዱ ነው።

ችግኙ ከተተከለ በኋላ ያለው ነገር በዕጣ የሚሄድ ነው። ጃቫ በሚባለው እትም ጨዋታው በየሴኮንዱ 20 ጊዜ ይመታል። በእያንዳንዱ ምት፣ ወርዱም ቁመቱም 16 ብሎክ በሆነ የዓለሙ ክፍል ውስጥ ካሉት 4,096 ብሎኮች ሦስቱ በዕጣ ይመረጣሉ። ስለዚህ አንድ ችግኝ ዕጣ የሚደርሰው በአማካይ በየ68 ሴኮንዱ ነው። ዕጣው ቢደርሰውም ወዲያው አያድግም፤ አንድ ደረጃ የመራመድ ዕድሉ ከሰባት አንድ ብቻ ነው፤ ዛፍ ለመሆን ደግሞ ሁለት ጊዜ መራመድ አለበት። ይህ ሲባዛ አንድ ችግኝ በአማካይ 16 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። አንዱ በሁለት ደቂቃ ሊያድግ፣ ጎረቤቱ ግማሽ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ነዳፊው ሊቆጣጠረው የሚችለው ዕጣውን አይደለም፤ በዕጣው ዙሪያ ያለውን ቦታ ነው።

ከቦታው ቀዳሚው ብርሃን ነው። ከችግኙ በላይ ያለው የብርሃን መጠን ቢያንስ 9 መሆን አለበት። ችቦ 14 ያበራል፤ በእያንዳንዱ ብሎክ ርቀት አንድ ይቀንሳል። ስለዚህ በአምስት ብሎክ ርቀት ውስጥ ችቦ ያለው ችግኝ ሌሊትም ይሁን ከመሬት በታች ያድጋል። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ዛፉ ሊያድግ ሲል ጨዋታው ቁመቱን በዕጣ ይመርጥና ክፍት ቦታ መኖሩን ያያል። ጣሪያው ዝቅ ያለ እርሻ ላይ ረጅም ቁመት በወጣ ቁጥር እድገቱ ይከሽፋል፤ ተጫዋቹም ምክንያቱን ሳያውቅ ችግኙን አፍጥጦ ሲያይ ይውላል።

ሦስተኛው የዛፉ ዓይነት ነው፤ የብዙ እርሻ ዕድል የሚወሰነውም በዚህ ነው። ኦክ በየቦታው ይገኛል፤ ግን ከአሥር አንድ ጊዜ ያህል ቅርንጫፉን ዘርግቶ ግዙፍ ሆኖ ይወጣል፤ ግንዶቹም ቅጠል ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉ። አካሺያ፣ ማለትም ግራር፣ ግንዱ ይጎብጣል፣ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የኢትዮጵያን ቆላ ያየ ሰው በሩቁ ይለየዋል፤ የጎበጠ ግንድ ግን ለማሽን አይመችም። ልጡ ነጭ የሆነው በርች ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቁመቱ ከ5 እስከ 7 ብሎክ ነው፤ ቅርንጫፍም አያወጣም። ስለዚህ የመጀመሪያ እርሻውን የሚሠራ ሰው በርችን ቢመርጥ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

ብዙ ግንድ ለሚፈልግ ደግሞ ስፕሩስ አለ፤ የቀዝቃዛ አገር ጥድ መሰል ዛፍ ነው። አራት ችግኝ በካሬ ተጠጋግተው ሲተከሉ ግንዱ ሁለት በሁለት የሆነ ግዙፍ ዛፍ ይወጣል። ቁመቱ 25 ቢደርስ ግንዱ ብቻ 100 ብሎክ ነው። ልምድ ያለው ተጫዋች መሰላል አያቆምም። ከግንዱ አንድ ጎን ይነቅላል፣ በነቀለው ቦታ ይቆማል፣ ቀጥሎ ካለው ጎን ከፍ ብሎ ይነቅላል፤ እንዲህ እየዞረ ግንዱን ራሱን ደረጃ አድርጎ አናቱ ላይ ይወጣል። ሲወርድ የቀረውን ይጨርሳል። በአልማዝ መጥረቢያ አንድ ብሎክ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ ስለማይፈጅ ዛፉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

ከዚህ በላይ የሚፈልግ ወደ ሬድስቶን ይሄዳል። ሬድስቶን በጨዋታው ውስጥ የኤሌክትሪክን ቦታ የያዘ ቀይ ዱቄት ነው፤ መሬት ላይ ተነስንሶ ምልክት እስከ 15 ብሎክ ድረስ ያደርሳል። በ2011 ፒስተን መጣ፤ ፊቱ ያለውን ብሎክ የሚገፋ፣ በአንዴም እስከ 12 ብሎክ ድረስ መግፋት የሚችል መሣሪያ ነው። በ2016 ኦብዘርቨር ተጨመረ፤ ፊት ለፊቱ ያለው ብሎክ በተለወጠ ቁጥር ምልክት ይሰጣል። አንዱ እጅ፣ ሌላው ዓይን ሆኑ።

አንድ የበርች ማሽን በቅርብ ቢታይ ሥራው ይህን ይመስላል። ተጫዋቹ አንዲት የአፈር ብሎክ ላይ ችግኝ ይተክላል። ከጎን ያለው ዲስፔንሰር፣ ማለትም በምልክት ዕቃ የሚረጭ ሳጥን፣ ችግኙ ላይ እድገት የሚያፋጥን የአጥንት ዱቄት ይረጫል። ዱቄቱ ከ100 ጊዜ 45 ጊዜ ይሠራል፤ ሁለት ደረጃ ስላለ ለአንድ ዛፍ በአማካይ አራት ተኩል ያህል ያልቃል። ያ 16 ደቂቃ በዚህ ወደ ጥቂት ሴኮንድ ይወርዳል። ዛፉ ድንገት ብቅ ሲል ኦብዘርቨሩ ያየዋል። ከግንዱ ጀርባ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ ሰባት ፒስተኖች ባንድ ጊዜ ይዘረጉና ግንዱን እንደቆመ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይገፉታል። በመንገዱ ያለው ቅጠል ሲገፋ ይሰበራል፤ ችግኝም ይጥላል። ቦታው ባዶ ሆነ፤ ቀጣዩ ችግኝ ይተከላል።

እዚህ ውስጥ ጀማሪን የሚያስቸግር አንድ ነጥብ አለ። ኦብዘርቨሩ በችግኙ ትይዩ ከቆመ ማሽኑ ያለጊዜው ይተኮሳል፤ ምክንያቱም ችግኙ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲራመድ ለዓይን ባይታይም ለጨዋታው ለውጥ ነው። ፒስተኑ ይዘረጋል፣ ችግኙ ይነቀላል። ስለዚህ ነዳፊዎች ኦብዘርቨሩን ከፍ አድርገው ያቆሙታል፤ ግንድ ካልሆነ በቀር ምንም ሊደርስበት የማይችለውን ቦታ እንዲያይ።

የተገፉት ግንዶች አንዱ ሌላውን እየገፋ እንደ ሰልፍ ይሄዳሉ። ሰልፉ 12 ሲሞላ ፒስተኑ አቅም ያጣል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ጫፉ መነቀል አለበት። በአነስተኛ እርሻ ተጫዋቹ ራሱ በመጥረቢያ ይነቅላል። በትልቁ ደግሞ ሰልፉ የሚያልቀው ቲኤንቲ የሚፈነዳበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ፍንዳታ በማይበግረው በኦብሲዲያን ይለበጣል። የወደቁት ግንዶች በውኃ ተጠርገው ሆፐር ወደሚባል መቀበያ፣ ከዚያም ወደ ሳጥን ይገባሉ። ይህ ጥድፊያ ያስፈልገዋል፤ መሬት ላይ የቆየ ዕቃ በሚቀጥለው ፍንዳታ ይጠፋልና።

ማሽኑ ይህን ሁሉ ከሠራ በኋላ የቀረው አንድ ሥራ መትከል ነው። በጃቫ እትም ዲስፔንሰር ዱቄት ይረጫል እንጂ ችግኝ አይተክልም። ስለዚህ በሰዓት እጅግ ብዙ ግንድ በሚያወጣ እርሻ ውስጥ እንኳ አንድ ሰው ቆሞ፣ ጣቱን ከማውሱ ሳያነሳ፣ ችግኝ ይተክላል።

ነዳፊዎች ይህንንም በብልሃት አልፈውታል። በ2020 ኔዘር በሚባለው ከርሰ ምድር ቀይና አረንጓዴማ ሰማያዊ ግዙፍ ፈንገሶች ተጨመሩ። ኒሊየም በሚባለው አፈራቸው ላይ የአጥንት ዱቄት ሲረጭ ፈንገሱ ራሱ ይበቅላል፤ ፈንገሱ ላይ ሲረጭ ደግሞ ዛፍ ያህላል። ሁለቱም የዲስፔንሰር ሥራ ስለሆኑ የሰው እጅ አያስፈልግም። እንጨቱ እሳት አይዘውም፤ እሳት እንዳይበላው ለሚፈለግ ቤት ተፈላጊ ነው፤ ለእቶን ማገዶ ግን አይሆንም። በ2021 በመጣው ሙስ በሚባለው አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ ዱቄት ሲረጭም አዛሊያ የተባለ ቁጥቋጦ አንዳንዴ ይበቅላል፤ አዛሊያው ሲያድግ ግንዱ የኦክ ግንድ ነው። በዚህ መንገድ ለማገዶ የሚሆነውም እንጨት ያለ ተካይ መመረት ጀመረ።

ጥሩ እርሻ ግን በፍጥነቱ ብቻ አይለካም፤ ሒሳቡም መዝጋት አለበት። 50 ቅጠል ያለው ዛፍ በአማካይ ሁለት ተኩል ችግኝ ይመልሳል፤ አንድ ለተተከለበት ይህ ትርፍ ነው። ግዙፍ ስፕሩስ አራት ችግኝ ስለሚበላ ቢያንስ 80 ቅጠል መሰብሰብ አለበት፤ ግዙፉ የጀንግል ዛፍ ደግሞ ከ160 በታች ከተሰበሰበ እርሻው ቀስ በቀስ ይከስራል። ስለዚህ ግንዱን ብቻ እያጋበሰ ቅጠሉን የሚያቃጥል ማሽን ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ችግኝ አልቆበት ይቆማል። የተረፈው ችግኝ ኮምፖስተር በሚባል የማዳበሪያ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ በአማካይ ከ20 በላይ ችግኝ በስብሶ አንድ የአጥንት ዱቄት ይወጣል። ይህ ለእርሻው ፍጆታ አይበቃምና ባለሙያዎች አጠገቡ አፅም መሰል ጭራቆች የሚገደሉበት ወጥመድ ያቆማሉ፤ አንድ አጥንት ሦስት ዱቄት ይሰጣል።

በ2024 መጨረሻ ፔል ኦክ የሚባል አመድማ እንጨት ያለው አዲስ ዛፍ ጨዋታው ውስጥ ገባ። እንደ ጥቁር ኦክ አራት ችግኝ ካልተተከለለት አያድግም፤ ከዚህ በፊት የተሠሩት የበርች ማሽኖችም አይመጥኑትም። ነዳፊዎቹ እንደገና ባዶ ሜዳ ፈለጉ፤ አራት ችግኝ በካሬ ተከሉ፣ ዱቄት ረጩ፣ የወጣውን ዛፍ ቁመት ለኩ፣ ቅጠሉን ቆጠሩ፤ ከዚያም አፍርሰው እንደገና ተከሉ።