«አጥቂ ነኝ» ከማለት እስከ ማጥቃት፦ ስለ ስትራቴጂ ጌም ተጫዋቾች ተረትና እውነታ

አዲስ አበባ ውስጥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ፣ ከሾላ እስከ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጌም ቤት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። በአብዛኞቹ ስክሪኑ ላይ ያለው ኳስ ነው። ይህን ያየ ሰው «የእኛ ልጆች ፊፋ እንጂ ቁጭ ብለው የሚያስቡበት ጨዋታ አይወዱም» ይላል። የስትራቴጂ ጌም ተጫዋቾችን ምርጫና አጨዋወት ለማጥናት መጠይቅ ይዞ የሚነሣ ሰውም፣ ጌም ሠሪ ወጣት ይሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ይህንና መሰል ድምዳሜዎችን ይዞ ነው ብዙ ጊዜ ወደ ሰፈር የሚገባው። ድምዳሜው ሳይፈተሽ የተዘጋጀ መጠይቅ መልሶ የሚሰበስበው ያንኑ ድምዳሜ ስለሆነ፣ ፍተሻው መቅደም አለበት።

ተረት፦ ጌም ቤት ውስጥ የስትራቴጂ ጌም ከሌለ ፈላጊ የለውም ማለት ነው።

ጌም ቤት የሚሸጠው ጊዜ ነው። አንድ ስክሪን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ከጀርባ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ወረፋ አለ። የኳስ ግጥሚያ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሲቪላይዜሽን የተባለው የስትራቴጂ ጌም አንድ ሙሉ ጨዋታ ግን ከአሥር ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ባለቤቱ እንዲህ ያለውን ጌም ቢያስገባ ቤቱን ቀኑን ሙሉ ለአንድ ደንበኛ አስረከበ ማለት ነው። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅም ቢሆን ጌሙን በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ሲል በብር የሚሠራው የባንክ ካርዱ በውጭ የኢንተርኔት ገበያ ላይ በአብዛኛው አያገለግለውም። ስለዚህ ጌም ቤት ውስጥ የምናየው ኪስ፣ ሰዓትና ወረፋ አጣርተው ያስቀሩትን ፍላጎት ነው። ከማጣሪያው በፊት የነበረውን አናይም።

ጌም ቤት ውስጥ የማይታየው ፍላጎት ሌላ ቦታ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በነፃ የሚወርደው ክላሽ ኦፍ ክላንስ የተባለ የስትራቴጂ ጌም ስልክ ላይ ነው። ቼዝም ስልክ ላይ ነው። ዳማ ደግሞ ጥላ ባለበት ሁሉ በቆርኪ ይጫወቱታል። ጌም ቤት በር ላይ ብቻ የቆመ ጠያቂ እነዚህን ሁሉ ሳያያቸው ያልፋል።

ተረት፦ የስልት ጨዋታ ከውጭ የመጣ ነው፤ ተራ ሳይጠበቅ የሚካሄደው ደግሞ ኮምፒውተር ያመጣው ነው።

ይህኛው ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። ሰንጠረዥ የተባለው የሀገራችን ቼዝ በነገሥታቱና በመኳንንቱ ቤት ለረጅም ዘመን ሲካሄድ የኖረ ጨዋታ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የዘለቀው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም ስለ አጨዋወቱ የጻፈው መጽሐፉ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ታትሟል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ታሪኩንና ደንቡን በሰፊው አቅርቧል። ገበታው በጨርቅ ጥብጣብ ቤት ቤቱ የተለየለት ቀይ ጨርቅ ነበር፤ እንደ ዛሬው ቼዝ ነጭና ጥቁር አይፈራረቅበትም።

ልዩ የሚያደርገው አጀማመሩ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባላል፤ በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል እየደጋገሙ፣ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይቀይራል፤ ያስቀመጠውን መልሶ ያነሣል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። የዛሬ ተጫዋቾች «ሪል ታይም» ለሚሉት የስትራቴጂ ጌም መሠረት እንደጣለ የሚቆጠረው ዱን 2 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከዚያ ከመቶ ዓመት እጅግ ቀድሞ ግን አያቶቻችን በዚህ ዓይነት ፍጥነትና ትዝብት ይፋለሙ ነበር። በወረራ እጁ የፈጠነ ሁሉ ተጠቃሚ አይሆንም፤ ቶሎ የተሰለፈ ተጫዋች ሐሳቡን ለተጋጣሚው ቀድሞ አሳይቷልና። መቼ ልብላ፣ እስከ መቼ ልታገሥ የሚለው ውሳኔ ዛሬ ተመራማሪዎች «የአጨዋወት ስልት» ብለው የሚያጠኑት ነገር ነው።

ሰንጠረዥ ሌላም ነገር ያስተምራል። ንጉሥን በደር (በዛሬው ቼዝ ሩክ) ወይም በፈረስ ማሰር፣ ማለትም ማት ማድረግ፣ ብዙም አያስመሰግንም ነበር። በትንንሾቹ ጠጠሮች (በፖን)፣ በሁለቱ ፊሎች (በቢሾፕ ቦታ በሚቆሙት) እና በፈርዝ (በንግሥቲቱ ቦታ በሚቆመው) ተባብሮ ማሰር ግን ከሁሉ በላይ ይደነቅ ነበር። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይታሰርም። ከንጉሡ ጋር አንድ ትልቅ ጠጠር ብቻ ከቀረ ደግሞ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ማሰር ግድ ነው። «ማሸነፍ ይበልጥብሃል ወይስ ያማረ ጨዋታ?» የሚለው ጥያቄ በዘመናዊ መጠይቅ ውስጥ ሊገባ የሚችል ነው፤ ሰንጠረዥ መልሱን በደንቡ ውስጥ አስቀምጦታል። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ውስጥ የሚዘጋጅ መጠይቅ የውጭውን ብቻ ቀድቶ መቅረቱ የሚቆጨኝ። የአዲስ አበባው ጌም ሠሪ ኩባንያ ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ ሲያመጣ የሀገር ጨዋታ ስክሪን ላይም መኖር እንደሚችል አሳይቷል።

ተረት፦ ተጫዋች ስለ ራሱ አጨዋወት ከማንም በላይ ያውቃል፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

የራስን መልስ ከጌሙ መዝገብ ጋር ማስተያየት ከተጀመረ ወዲህ ይህ እምነት ጸንቶ መቆም አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ ኤቨርክዌስት 2 በተባለ የኢንተርኔት ጌም ላይ የተደረገ ጥናት ወደ 7,000 የሚጠጉ ተጫዋቾችን ጠይቆ መልሳቸውን ኩባንያው ከያዘው መዝገብ ጋር አስተያይቷል። ተጫዋቾቹ በሳምንት የሚጫወቱበትን ሰዓት አሳንሰው ነበር የተናገሩት፤ ሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹ ይበልጥ ተጫውተው ከወንዶቹ ይበልጥ አሳንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በሁለት ሌሎች ጌሞች 3,274 ተጫዋቾችን በዚሁ መንገድ ሲያጠኑ ደግሞ ተቃራኒው ወጣ፤ እነዚህኞቹ አጋነኑ። ሰው ስንት ሰዓት እንደተጫወተ እንኳ በትክክል ካልተናገረ፣ «አጥቂ ነህ ወይስ ተከላካይ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ምን ያህል ይታመናል?

ይህ ውሸታምነት አይደለም። ሲድ ሜየር፣ የሲቪላይዜሽን ፈጣሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ የተናገረው ነገር ጉዳዩን ያብራራል። ሦስት ለአንድ ብልጫ ይዞ ወደ ውጊያ የገባ ተጫዋች ሲሸነፍ ጌሙ በደለኝ ይላል። አንድ ለሦስት ተበልጦ ገብቶ ሲያሸንፍ ግን ድሉን ለራሱ ብልሃት ይሰጣል። ዕድሉ ግን በሁለቱም ጊዜ ያው አንድ ነበር። ትዝታችን ድልን ሲያደልብ ሽንፈትን ያከሳል፤ ስለ አጨዋወታችን የምንናገረውም ከዚሁ ትዝታ ተቀድቶ ነው።

እዚህ ሰፈር ላይ ደግሞ ይሉኝታ ይጨመራል። ጠያቂው ትልቅ ሰው ከሆነ ልጁ ጠያቂውን ደስ የሚያሰኘውን ይመልሳል። ጓደኞቹ ዙሪያውን ከቆሙ ደግሞ «አጥቂ ነኝ» ይላል፤ «ወደ ኋላ ተሰብስቤ ጊዜ እገድላለሁ» ብሎ የሚፎክር ማን አለ? ተሸናፊ በሚከፍልበት ጌም ቤት ግን ያው ልጅ ብር ሊወጣበት ሲል ምን እንደሚያደርግ አጠገቡ የተቀመጠ ያያል። ጠንካራውን ቡድን ይመርጣል፤ አንድ ጎል ካገባ በኋላ ኳሷን ከእግሩ አይለቅም። በነፃ ሲጫወት ሌላ፣ በብር ሲጫወት ሌላ ሰው ነው፤ ሁለቱም ግን እውነተኛው እሱ ነው። የሚረዳው ጥያቄ «ምን ዓይነት ተጫዋች ነህ?» የሚለው አይደለም። «ባለፈው የተጫወትከው ላይ ስትመራ ምን አደረግህ? የከፈለው ማን ነበር?» ብሎ የተደረገን ነገር መጠየቅ፣ ከጓደኞቹም ለየት አድርጎ መጠየቅ፣ የሚቻል ከሆነም አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

ተረት፦ ተጫዋች አራት ዓይነት ነው።

ይህ ጌም ሠሪው ሪቻርድ ባርትል እ.ኤ.አ. በ1996 ካወጣው ጽሑፍ የመጣ ነው፦ ውጤት ፈላጊ፣ አሳሽ፣ ተግባቢ፣ ገዳይ። ባርትል ግን ሐሳቡን ያፈለቀው አንድ በጽሑፍ የሚካሄድ ጌም ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1990 ባደረጉት ረጅም ውይይት ላይ ተመሥርቶ እንጂ በመጠይቅ ቆጥሮ አልነበረም። በስሙ የሚጠራውንም ፈተና ያዘጋጁት ሌሎች ናቸው። ተመራማሪው ኒክ ዪ እ.ኤ.አ. በ2006 ሦስት ሺህ ገደማ የኢንተርኔት ጌም ተጫዋቾችን ጠይቆ መልሱን ሲተነትን ያገኘው አሥር የጨዋታ ምክንያቶችን ነው፤ አንዱ ያለበት ሰው ሌላውንም በደንብ ሊይዝ ይችላል። ሰውን ከአራት ሣጥን በአንዱ ዘግቶ የሚያስቀር መጠይቅ ለማንበብ ይቀላል እንጂ ለጌም ሠሪው አይጠቅመውም።

ተረት፦ ኢትዮጵያን የሚመርጥ ተጫዋች መዋጋት የሚወድ ነው፤ ምኒልክ ካለ ዐድዋ አለና።

ሦስት ታዋቂ ጌሞችን እናስተያይ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ውስጥ የገባችው ኢትዮጵያ ፍጥነት ናት፤ ቀስተኞቿ ከሌሎቹ 18 በመቶ ፈጥነው ይወረውራሉ፣ ሾተል የያዘው ወታደሯም ቶሎ ሠልጥኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሲቪላይዜሽን 5 አፄ ኃይለ ሥላሴ የሚመሯት ኢትዮጵያ ትንሽ ሆና መቆየት ይጠቅማታል፤ በከተማ ብዛት የሚበልጣትን ስትገጥም ሠራዊቷ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣችው የሲቪላይዜሽን 6 ኢትዮጵያ መሪ አፄ ምኒልክ ናቸው፤ እሳቸውም የተሰጣቸው የኮረብታ ጥበብ ነው። ኮረብታ ላይ የቆረቆሩት ከተማ ከሚያመነጨው እምነት 15 በመቶ የሚሆነውን በሳይንስም በባህልም መልሶ ያገኛል። ሠራዊታቸውም ኮረብታ ላይ ሲዋጋ ይጠነክራል፤ የጌሙ ዋና መንገድ ግን ትዕግሥት ነው፤ ማምለክ፣ መነገድ፣ መቆየት።

ከየካ ሆኖ ይህን የሚጫወት ሰው ቀና ቢል ኮረብታው ከፊቱ ነው። ምኒልክ ወደ ፍል ውሃው ከመውረዳቸው በፊት ቤተ መንግሥታቸው እንጦጦ ላይ ነበር፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ጌሙ ኮረብታ ላይ ብቻ ከሞላ ጎደል የሚያሠራው ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያንም የካ ተራራ ላይ በእውን አለ፤ ዋሻ ሚካኤል ነው። ታሪኩ ግን ጌሙ የማያሳየውን ይጨምራል። እንጦጦ ለመከላከል የተመቸ ቢሆንም ብርዱና የማገዶ እጥረቱ አስቸጋሪ ነበር፤ ከተማው ወረደ። ኮረብታ ሁልጊዜ ጥቅም የሚሆንበት ጌም ላይ ምኒልክን የሚጫወት ሰው ያን ውሳኔ መቼም አይወስንም።

አንድ ሰው ሦስቱንም ጌሞች ኢትዮጵያን መርጦ ቢጫወት፣ በአንዱ ችኩል፣ በአንዱ ቁጥብ፣ በአንዱ ታጋሽ ሆኖ ይመዘገባል። ባሕርዩ ሳይለወጥ ደንቡ ለወጠው። «የምትወደው ወገን ማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ አጠገብ «በየትኛው ጌም?» የሚል ከሌለ መልሱ ምንም አይነግረንም።

ተረት፦ ሴቶች አይጫወቱም፤ ዕድሜ የገፋም ይተወዋል።

ኳንቲክ ፋውንድሪ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መረጃ፣ ሰፊ ግዛት የሚመራባቸውን የስትራቴጂ ጌሞች እወዳለሁ ካሉት ውስጥ ሴቶች 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ አይካድም፤ ግን በፈቃዱ መጠይቁን ከሞላው የተሰበሰበ ነው። ጌም ቤቱ የወንዶች መዋያ ሆኖ በቆየበት ሰፈር ደግሞ ሴት ልጅ ምን እንደምትመርጥ ለማወቅ እዚያ መፈለግ ከንቱ ነው። እቤቷ፣ ስልኳ ላይ ነው መጠየቅ ያለባት፤ የኤቨርክዌስቱ ጥናት እንዳሳየውም የምትለውን ሰዓት ዝቅ አድርጋ ልትናገር እንደምትችል አስቦ።

ስለ ዕድሜ ያው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ239,000 በላይ ተጫዋቾች ላይ ተመሥርቶ ያወጣው ግልጽ ነው። ዕድሜ ሲጨምር ከሁሉ በላይ የሚቀንሰው የፉክክር ፍላጎት ነው፤ በዕድሜ ብዙም የማይናወጠው ደግሞ የስትራቴጂ ፍላጎት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መረጃ፣ ከተጫዋቾች 67 በመቶ የሚሆኑት ለዕቅድና ለስልት ያላቸው ግድ እ.ኤ.አ. በ2015 ከነበረው አማካይ ተጫዋች ያነሰ ሆኗል። የሰውየው ዕድሜ ያልነካውን ዘመኑ ነክቶታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከአሥር ዓመት በፊት የተደረገ መጠይቅ ስለ ዛሬ አይናገርም።

ለእኛ ሰፈር ይህ ማለት ጥላ ሥር ቆርኪ ይዘው የተቀመጡትን አዛውንቶች መዝለል አይገባም ማለት ነው። ዳማ ላይ አንድ አስበልቶ ሦስት የሚበላ ሰው የስትራቴጂ ጌም ተጫዋች ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ የሚያስሞላ ወረቀት ግን አዛውንቱ ዘንድ አይሠራም። ጨዋታው እስኪያልቅ ጠብቆ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «ጋሼ፣ ያችን በቀኝ በኩል ያለችውን ቆርኪ ለምን አስበሏት?» ማለት ይሻላል፤ እሳቸውም ቆርኪዎቹን መልሰው ደርድረው ያሳያሉ።