የእርሻ አፈር አያያዝና ወደ አየር የሚባክነው ማዳበሪያ

በአገራችን የገቢ ንግድ ውስጥ ከፍ ያለ የውጭ ምንዛሪ ከሚጠይቁት ሸቀጦች አንዱ የአፈር ማዳበሪያ መሆኑ ለነጋዴው ኅብረተሰብ የታወቀ ነው። ነገር ግን ዋጋው ተከፍሎ፣ ከጂቡቲ ወደብ ተጓጉዞ ገበሬው እጅ የገባው ዩሪያ ሁሉ እህል ሆኖ አይመለስም። እንደ አፈሩ አያያዝ ከፊሉ ወደ አየር ይበናል፤ ከሚበነውም ውስጥ የዓለምን ሙቀት የሚጨምር ጋዝ ይገኝበታል። ነገሩ አስመጪውንም ላኪውንም ባለሱቁንም የሚመለከት ስለ ሆነ፣ ከዚህ ቀጥሎ ባጭሩ እንገልጻለን።

አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይዟል። ይህም በአፈር ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሥራ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። አፈሩ ውኃ አቁሮ አየር ባጣ ጊዜ ሌሎች ተሕዋስያን በአየር ፈንታ ናይትሬቱን ስለሚጠቀሙበት፣ ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይሆናል። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ጉባኤ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ የዚህ ጋዝ አንድ ኪሎ በ100 ዓመት ውስጥ የ273 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህል ያሞቃል።

ይኸው ጉባኤ በ2011 ዓ.ም. ባሻሻለው የስሌት መመሪያ፣ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ናይትሮጅን ውስጥ በእርጥብ አየር ጠባይ 1.6 ከመቶ፣ በደረቅ ደግሞ 0.5 ከመቶ በቀጥታ ወደዚህ ጋዝ እንደሚለወጥ ተገምቷል። ይህም ሲሰላ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ በእርጥብ ስፍራ ከ316 ኪሎ፣ በደረቅ ስፍራ ከ99 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመጣጠን ጋዝ ያወጣል ማለት ነው።

ከመቶ አንድ ተኩል ቢጠፋ ለኪሳችን ምን ይጎዳል የሚል ነጋዴ ይኖር ይሆናል። እርግጥ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ለኪስ ቀላል በሆነ ነበር። ሆኖም ውኃ ያቆረው አፈር ከዚህ የሚበልጠውን በተራ ናይትሮጅን መልክ ያስወጣል፤ በመሬት ላይ ተበትኖ ያልተሸፈነው ዩሪያ በአሞንያ መልክ ይተናል፤ ሌላውንም ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። ስለዚህ ጋዙን የሚያበዛው የአፈር አያያዝ፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛውን ዕቃም የሚያባክን ነው።

መድኃኒቱ በሦስት ነገር ይጠቃለላል። አንደኛው ውኃን ማጠንፈፍ ነው። በአድአ፣ በበቾና በእነዋሪ የሚገኘው መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ያቁራል። የእነዋሪ ገበሬዎች ሰፊ መደብና ቦይ በእጃቸው እየሠሩ ውኃውን ማሳለፍን ለምደዋል፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ለዚሁ ሥራ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ በአገራችን ተዘጋጅቷል። ሁለተኛው ዩሪያውን ባንድ ጊዜ ከመበተን ይልቅ፣ ከፊሉን በዘር ወቅት፣ ከፊሉን አዝመራው ሲያድግ ከፍሎ በአፈር መሸፈን ነው። ሦስተኛው አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም ነው፤ አሲድ በበዛበት አፈር ናይትረስ ኦክሳይድን ወደ ተራ ናይትሮጅን የሚለውጠው የተሕዋስያን ኃይል ይደክማልና። ኖራውም ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፣ አፈሩ ተመርምሮ በልክ ሊጨመር ይገባል።

በዚህ ሁሉ የነጋዴው ድርሻ ቀላል አይደለም። ዕቃው ክረምቱ ከገባ በኋላ የደረሰው ገበሬ ከፍሎ ለመጨመር ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ የጭነቱ መዘግየት በማሳው ላይ ብክነት ሆኖ ይታያል። ባለሱቁም ዩሪያውን ሲሸጥ ስለ አጨማመሩ አንድ ቃል ቢያክል፣ ከከረጢቱ ጋር ትርፍ ይሰጣል። ኖራና የማጠንፈፊያ መሣሪያ በየወረዳው ገበያ በጊዜው እንዲገኙ ማድረግም ለንግድ የተከፈተ በር ነው። ላኪውም ቢሆን የሚልከው ሰሊጥና ጥራጥሬ ከዚሁ አፈር የሚወጣ በመሆኑ፣ የአፈሩ መጠበቅ የራሱ ጉዳይ መሆኑን ሊዘነጋው አይገባም።