ውርጭ የመታው ክትባት

ክትባትን የሚያበላሸው ሙቀት ነው የሚለው እምነት የተለመደ ነው። የአፋርና የሶማሌ ቆላ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና፣ መብራት ጠፍቶበት ያደረ ፍሪጅ፤ ስለ ክትባት አያያዝ ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚሉን እነዚህ ናቸው። በዚህ ሚዛን በቆጂ ዕድለኛ ከተማ ናት። ከአሰላ በስተደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በሯጮቿ ስሟ የገነነ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ የሚቆረጥምባት ደጋ ናት። ነገር ግን በእንዲህ ያለ አገር ለክትባት የሚያሠጋው ብርዱ ራሱና ብርድን አለመፍራታችን ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ክትባት በጤና ተቋም ደረጃ የሚቀመጠው ከ+2 እስከ +8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ወሰን ውስጥ ነው። ሁለቱ ወሰኖች ግን ጠባያቸው ይለያያል። ከላይኛው ያለፈ ክትባት ኃይሉን የሚያጣው ቀስ በቀስ፣ በሰዓትና በቀን እየተጠራቀመ ነው። ብርድ የማይችለው ግን ከታችኛው ወርዶ በረዶ ከሆነ በአንድ ሌሊት ያበቃለታል። ፔንታቫለንት የሚባለው የአምስት በሽታ ክትባት፣ የሳንባ ምች፣ የመንጋጋ ቆልፍና የማኅፀን ጫፍ ካንሰር መከላከያዎች ውስጥ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ የአልሙኒየም ጨው አለ። ፈሳሹ በረዶ ሲሆን የዚህ ጨው ቅንጣቶች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ በረዶው ቢሟሟም ወደ ቀድሞ ይዞታቸው አይመለሱም። የአርሲ ገበሬ ውርጭ የመታውን ገብስ ያውቀዋል፤ ቆሞ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ሲወቁት ፍሬ የለውም። እንዲህ ያለ ክትባት የተሰጠው ሕፃን ተወግቷል፣ ካርዱም ተሞልቷል፣ በሪፖርትም ተቆጥሯል፤ በሽታው ሲመጣ ግን የሚመክተው ነገር ላይኖረው ይችላል።

ብርድን የማቃለል ልማድ መነሻ አለው። በኢትዮጵያ መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር ከያዛቸው ክትባቶች መካከል በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት በረዶ ቢሆን ምንም አይለውም፤ በትልልቅ መጋዘኖች የሚቀመጠውም ከዜሮ በታች ነው። ደረቁ የኩፍኝ ዱቄትም እንደዚያው። ስለዚህ «ይቀዝቅዝ እንጂ» የሚለው ምክር ለነርሱ እውነት ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፔንታቫለንት መጣ፤ ሄፓታይተስ ቢንም አብሮ አመጣ። ከዚያ በኋላ የሳንባ ምችና የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ክትባቶች ተከተሉ። ብርድ የሚጠሉት ብልቃጦች እየበዙ ሄዱ፣ ልማዱ ግን ባለበት ቀረ። በኮሮና ጊዜ ደግሞ የፋይዘር ክትባት በ-70 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣል የሚለው ዜና ሲደጋገም፣ ብርድ በበዛ ቁጥር ክትባቱ ይሻለዋል የሚለው ግምት ይበልጥ ሥር ሰደደ።

ማስረጃው ከሩቅም ከቅርብም አለ። በሞቃቷ ኢንዶኔዥያ ከሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጋር የሙቀት መመዝገቢያ ተደርጎ ጉዞው ሲከተሉት፣ ከጭነቶቹ 75 በመቶው በመንገድ ላይ ከበረዶ ነጥብ በታች ወርዶ ተገኘ። በሞንጎሊያም ክትባቱ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ሲጓዝ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ሞቃት አገር ያልማረውን በደጋ መፍራት ይገባል። ወደ በቆጂ የሚወስደው መንገድ ራሱ ያስተምራል፤ ከሞቃቱ አዳማ ተነሥቶ በአሰላና በሳጉሬ ሲያልፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ አየሩም በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ቆላ ላይ ሙቀት ተፈርቶ በአይስ ፓክ የታጨቀ ሳጥን ደጋ ሲደርስ ከውስጥም ከውጭም ይበርደዋል። ከፍሪዘር የወጣ አይስ ፓክ ቫክሲን ካሪየር ወደሚባለው የክትባት ሳጥን ከመግባቱ በፊት ውጭ ተቀምጦ፣ ሲነቀንቁት ውስጡ ውሃ እስኪሰማ መጠበቅ አለበት። ቆላ ላይ ይህ ቶሎ ይደርሳል። በቆጂ በማለዳ፣ ክፍሉ ራሱ ቀዝቃዛ በሆነበት ሰዓት ግን ይዘገያል፤ ወደ ሩቅ ቀበሌ ለመሄድ የምትቸኩል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ ጊዜ የላትም።

ሙቀትም እኮ ይገድላል የሚል መልስ ይሰጠኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ቆላውን ማንም አይርሳው። ልዩነቱ ሙቀት ምስክር ያለው መሆኑ ነው። በብልቃጡ ላይ ያለችው ቪ.ቪ.ኤም. የምትባል ምልክት ሙቀት በተጠራቀመ ቁጥር ውስጧ እየጠቆረ፣ ክትባቱ አይሰጥም የሚባልበትን ጊዜ ታሳያለች። ይህችው ምልክት ስለ ብርድ አንዳች አትናገርም። በዚያ ላይ አንዳንድ ክትባት ከምናስበው በላይ ሙቀት ይችላል፤ የማጅራት ገትር ክትባት የሆነው ሜንአፍሪቫክ እስከ 40 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት እስከ አራት ቀን እንዲቆይ ተፈቅዶለት፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በቤኒን በዘመቻ ተሰጥቷል።

የወጪው ጥያቄ ይከብዳል። በጥርጣሬ ብቻ ብልቃጥ መጣል ድሃ አገር የማይችለው ብክነት ነው። ለዚህም መላ አለ። ከተጠረጠረው ጋር ተመሳሳይ የምርት ቁጥር ያለው አንድ ብልቃጥ ሆን ተብሎ በረዶ እንዲሆን ይደረግና ከሟሟ በኋላ ከተጠረጠረው ጋር አብሮ ይነቀነቃል፤ የተጠረጠረው እንደዚያኛው ቶሎ ከዘቀጠ ይወገዳል፣ በዝግታ ከዘቀጠ ይሰጣል። አይስ ፓኩ ገና በረዶ ሳለ ቢገባ እንኳ ክትባቱን ከበረዶ የሚጠብቁ ካሪየሮችም ተሠርተዋል። በጀት ሲከፋፈል እነዚህ ካሪየሮችና የበረዶ ጠቋሚ መሣሪያዎች ቀድመው ወደ ደጋ ወረዳዎች ሊሄዱ ይገባል። ሱፐርቪዥን የሚወጣ ሰውም ፍሪጁ ከ+8 አልፎ እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ሌሊቱን ከዜሮ ወርዶ እንደሆነ ይጠይቅ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ባለሙያዋ «ክትባቱ በረዶ ነክቶታል፣ ዛሬ አይሰጥም» ብላ ብትመልሳችሁ አትቆጧት። በቀጠረቻችሁ ቀን ግን ሳትቀሩ ሂዱ።