ሞላ ያለው የመነጽር ማጠፊያ

መነጽር በሁለት እጅ ይወልቅ የሚለውን የባለሙያ ምክር የሚሰማ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው አንዱን ክንድ ይዞ ወደ ጎን እየሳበ ያወልቀዋል። ልጆች ደግሞ በየትኛውም በኩል ይጎትቱታል። ክንዱ በዚያች ቅጽበት ከተለመደው መክፈቻው አልፎ ወደ ውጭ ይለጠጣል።

ብረት አስገብቶ ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው የብረቱ ርዝመት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጨምርለት ያውቃል። መነጽር ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። የክንዱ ርዝመት በውስጠኛው ገጹ ላይ ይታተማል፤ ብዙ ጊዜ 135፣ 140 ወይም 145 ሚሊሜትር ነው። ከብሎኑ እስከ ማጠፊያው መቆሚያ ጠርዝ ያለው ርቀት ግን 3 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚህ ስሌት የክንዱን ጫፍ በግማሽ ኪሎ የሚገፋ ጣት ማጠፊያው ላይ ከ20 ኪሎ በላይ ጫና ያሳርፋል። ተራ ማጠፊያ ይህን ጫና የሚያሳልፍበት መንገድ የለውም። ብሎኑ ይላላል፣ ጥርሱ ይጣመማል፣ ፍሬሙ ፕላስቲክ ከሆነም ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል።

መነጽር በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጣሊያን ውስጥ ብቅ ሲል ክንድ አልነበረውም። ለብዙ መቶ ዓመታት አፍንጫ ላይ ተቆንጥጦ ወይም በእጅ ተይዞ ኖሯል። ጆሮ አካባቢ የሚያርፍ ክንድ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ሲለመድ ነው የማጠፊያ ጣጣም አብሮ የመጣው።

ዛሬ ይህን ጫና ለመቀበል የሚሠራው ሞላ ያለው ማጠፊያ የብቻው ኢንዱስትሪ ነው። መነጽር የሚሸጡ ታዋቂ ስሞች አብዛኛውን ጊዜ ማጠፊያውን ራሳቸው አይሠሩም፤ ከልዩ አምራቾች ይገዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1904 የተመሠረተው የጀርመኑ ኦቤኤ መቀመጫው ኢስፕሪንገን ነው፤ የወርቅና የሰዓት ሥራ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከተስፋፋባት ከፎርትስሃይም አጠገብ። የጣሊያኑ ቪዞቲካ ደግሞ በትሬቪዞ አውራጃ፣ ሱሴጋና ውስጥ ይገኛል። ሥራው በጀርመን በኩል ወርቅ አንጥረኞችና ሰዓት ሠሪዎች በነበሩበት አካባቢ መብቀሉ አያስደንቅም። የሚፈልገው ያንኑ ዓይንና ያንኑ እጅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በክንዱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ርዝመቷ ከ1 ሳንቲሜትር ብዙም የማታልፍ የብረት ሣጥን ትበየዳለች። በውስጧ ወደፊትና ወደኋላ የምትንሸራተት ምላስ አለች። የምላሷ ራስ ቀዳዳ አለው፤ ከፊት ፍሬሙ ላይ በተተከሉት ጥርሶች መካከል ይገባና ብሎኑ ሁሉንም ቀዳዳዎች አቋርጦ ያያይዛቸዋል። ጭራዋ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ምላሷን ሁልጊዜ ወደ ሣጥኗ ውስጥ ይስባታል። ክንዱ ከልኩ በላይ ሲከፈት የሣጥኗ አፍ የፊት ፍሬሙን ጠርዝ ተደግፎ ይዞራል፣ ምላሷ ወደ ውጭ ትሳባለች፣ ሞላው ይጨመቃል። እጅ ሲለቀው ክንዱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ክንዱ ሲለጠጥ ሞላውም የሚለጠጥ ይመስላል እንጂ የሚሠራው በመጨመቅ ነው። የሚለጠጥ ሞላ ከልኩ ካለፈ ተስቦ ይቀራል። የሚጨመቅ ሞላ ግን ጥምዝምዞቹ ተነካክተው ሲያበቁ ይቆማል፤ ራሱን በራሱ ይጠብቃል።

ሞላው ሌላም ሥራ አለው። ጥሩ ማጠፊያ ሲታጠፍ መጀመሪያ ትንሽ ያስቸግራል፣ ግማሽ መንገድ ካለፈ በኋላ ግን ራሱ «ቀጭ» ብሎ ይዘጋል። ይህን የሚፈጥረው የጥርሶቹ የውጭ ክብ ቅርጽ ነው። የሣጥኗ ጠርዝ በዚያ ክብ ላይ ሲወጣ ሞላውን ይጨምቃል፣ ጫፉን አልፎ ሲወርድ ሞላው ይገፋዋል። የክቡ ልክ በጥቂት አሥረኛ ሚሊሜትሮች ሲዛባ ማጠፊያው ወይ ይፈዛል ወይ ጣት ያደክማል። ገዢ በመነጽር ቤት ክንዱን ከፍቶ ዘግቶ «ይህ ጥሩ ዕቃ ነው» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህች ድምፅ ተመርቶ ይመስላል።

የማምረቱ አስቸጋሪ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ሣጥኗ ከመዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ቅይጥ ወይም ከማይዝግ ብረት ትሠራለች። አንዳንዱ አምራች በፍሬዛ ይቆርጣታል፤ ሌላው ደቃቅ የብረት ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ቀላቅሎ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጨምቅና በምድጃ ይጋግራታል። የተጋገረው ብረት በየአቅጣጫው ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሚጠብ ቅርጽ ማውጫው ከመጀመሪያው ተለቅ ተደርጎ ይቀረጻል። ከዚያ ሣጥኗ በክንዱ ላይ የምትበየደው ባዶዋን ነው። የብየዳው ሙቀት ሞላውን ቢያገኘው ጥንካሬውን ይቀንሰዋል። ክንዱ ቀለም ወይም ወርቅ ለመቀባት አሲድ ውስጥ ሲገባም ፈሳሹ በሞላው ጥምዝምዝ መካከል ተደብቆ ቀርቶ ከጊዜ በኋላ ያዝገዋል። ስለዚህ ብየዳው፣ መወልወሉና ቅቡ ካለቀ በኋላ ነው ሞላና ምላስ ተገጣጥመው ወደ ሣጥኗ የሚገቡት። አንዲት ትንሽ መቆለፊያ ደግሞ ተመልሰው እንዳይወጡ ትይዛቸዋለች።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። አይኤስኦ 12870 የተባለው ዓለም አቀፍ የፍሬም መስፈርት የመነጽሩን ክንድ በማሽን 500 ጊዜ እያንቀሳቀሰ ይፈትናል፤ ፍሬሙ እንዳይሰበርና ከልክ በላይ እንዳይጣመም ይጠይቃል። የአውሮፓ ሕግ በበኩሉ የቆዳ አለርጂ የሚያመጣውን ኒኬል ይቆጣጠራል፤ ቆዳ ከሚነካው ክፍል በሳምንት ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ በካሬ ሳንቲሜትር እንዳይለቀቅ ይከለክላል።

ምቾቱ ግን ዋጋ አለው፤ የሚከፍለውም ጠጋኙ ነው። የተራ ማጠፊያ ብሎን ሲወድቅ ሌላ አስገብቶ በካቻቢቴ ማጥበቅ የደቂቃ ሥራ ነው። ሞላ ባለው ላይ ግን ብሎኑ ሲወጣ ምላሷ ወደ ሣጥኗ ትሰምጣለች፣ ቀዳዳዎቹም ፊት ለፊት አይገናኙም። ጠጋኙ ምላሷን በቀጭን ሜንጦ ስቦ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ብሎኑን ማስገባት አለበት። ከዚህ ለመገላገል ጭራው የረዘመና የሾለ ብሎን ተሠርቷል። ጭራው ቀድሞ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ምላሷን እየሳበ መስመር ያስይዛታል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ትርፉ በፒንሳ ተቆርጦ ይጣላል። ሞላው ራሱ ከተሰበረ ግን ሣጥኗን ከፍቶ መጠገን ስለሚያስቸግር ክንዱን መለወጥ ይቀላል።

ብሎኑንም ሣጥኗንም ከነጭራሹ የተዉ አሉ። የበርሊኑ አይሲ በርሊን ክንድና ፍሬሙን ከስስ የብረት ቆርቆሮ ቆርጦ ያለ ብሎን እርስ በርሳቸው ያቆላልፋቸዋል፤ ሞላው ቆርቆሮው ራሱ ነው። በጣም ሲለጠጥ ክንዱ ተነቅሎ ይወጣል፣ ባለቤቱም በጣቱ መልሶ ይሰካዋል። ለመጠገን ከሆነ ይህኛው ይመረጣል።

ሞላው የማይፈታው ችግርም አለ። ለፊት የጠበበ ፍሬም ሞላ ስላለው ብቻ አይሰፋም። ክንዶቹ ቀኑን ሙሉ ተለጥጠው ስለሚውሉ ሞላው ጆሮ አጠገብ እየጫነ መነጽሩን ወደ ፊት ይገፋዋል። ልምድ ያለው ባለሙያ ፍሬም ሲለካ ሞላው ሳይሠራ ክንዶቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።