የእናቴ አሥር ጣቶች

እናቴ ዋጋ አለው የምትለውን ወረቀት ሁሉ በአንድ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ታኖራለች። የቀበሌ መታወቂያዋ፣ የጡረታ ደብተሯ፣ የአባታችን የሞት የምስክር ወረቀት፣ የቤቱ ካርታ ኮፒ፣ የእኛ የልጆቿ የክትባት ካርድ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከመቀሌ ለጥቂት ሳምንታት ወጣ ስንል ከልብሷ በፊት ያነሳችው ያንን ፌስታል ነበር። ባለፈው ወር «የፋይዳ ቁጥር ያስፈልግዎታል» ሲሏት ያንኑ ፌስታል በክንዷ ሥር አድርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ና ሸኘኝ» አለችኝ።

ከምዝገባው ቦታ ስንደርስ ሰልፉ እስከ ውጭ በር ድረስ ነበር። ከሁለት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ተራችን ደረሰ። ወጣቱ መዝጋቢ በትህትና «አደይ፣ አራቱን ጣቶች እዚህ ላይ ጫን ያድርጉ» አላት። ጫነች። ማሽኑ አልተቀበለም። እንደገና ጫነች፤ አሁንም እምቢ አለ። እጇን በሶፍት አስጠርጎ ሦስተኛ ሞከረ። እናቴ ሳቅ አለችና «ወደይ፣ እነዚህ ጣቶች እኮ ሃምሳ ዓመት ጣይታ የጋገሩ ናቸው፤ መስመር ከየት ይምጣላቸው?» አለችው። ልጁም ሳቀ። በመጨረሻ የሁለቱ ዓይኖቿ ምስል ተወሰደ፤ ከጣቶቿም የቻሉት ተነበቡ። ፎቶ ተነሳች፤ ወጣን።

ደጅ ላይ ቆም ብላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «ይህን ሁሉ ወስደው ምን ያደርጉበታል?»

ጥያቄው የአላዋቂ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። እናቴ ሰው በመዝገብ ላይ መጻፉ ምን እንደሚያመጣ የምታውቅ ሴት ናት። ቀበሌ የሚባለው በ1967 ዓ.ም ከተማ ውስጥ ሲቋቋም ወጣት ነበረች። መዝገቡ ስኳር ሲያድል አይታለች፤ ያው መዝገብ የማን ልጅ የት ቤት እንደሚያድር ሲናገርም አይታለች። ኋላ ላይ በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር መጣ። ያ አንድ መስመር ምን ሊያደርግ እንደሚችል የእኛ ከተማ ሰው ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም መጨረሻ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአዲስ አበባ የተደረጉት እስሮች ብሔርን መሠረት ያደረጉ እንደሚመስሉ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ በይፋ ገልጾ ነበር። ከሩቅ አገር ምሳሌ ለሚፈልግም ሩዋንዳ አለች። የቤልጅየም ቅኝ ገዢዎች በ1930ዎቹ መታወቂያ ላይ ያስገቡት የጎሳ መስመር ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በየኬላው የሞትና የሕይወት መለያ ሆኖ ቆይቷል።

ስለዚህ ለእናቴ መልስ ለመስጠት ፋይዳ የሚባለው ነገር ምን እንደሚይዝና ምን እንደማይዝ ፈልጌ ማንበብ ነበረብኝ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍል፤ በተለይ አያቶቻችሁን ይዛችሁ ሰልፍ ላይ ለምትቆሙ።

ፋይዳ የቆመው በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ላይ ነው። ከነዋሪው የሚወሰደው ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ ዜግነትና የመኖሪያ አድራሻ ነው። በዚህ ላይ የፊት ፎቶ፣ የአሥሩ ጣቶች አሻራና የሁለቱ ዓይኖች ምስል ይጨመራል። ስልክ ቁጥርና ኢሜይል ያለው ያስመዘግባል። ብሔር አይጠየቅም፤ ሃይማኖትም አይጠየቅም። ይህን ስነግራት እናቴ መጀመሪያ አላመነችኝም፤ በስልኬ ላይ የመጣውን መታወቂያ ከላይ እስከ ታች አስነበበችኝ። በእኔ እምነት ከጠቅላላው ሥርዓት ውስጥ ትልቁ መልካም ውሳኔ ይህ ነው። ሆኖም ራሳችንን አናታል። በአገራችን ስም ራሱ ይናገራል፤ የአባት ስምና አድራሻ ሲጨመርበት ደግሞ ብዙ ይናገራል። መስመሩ መነሳቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ መረጃውን ማን ሊያየው ይችላል የሚለው ጥያቄ ባለበት ይቆያል።

የዚያ ጥያቄ መልስ ያለው በሌላ አዋጅ ውስጥ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። ልብ በሉ፤ መታወቂያው ቀድሞ ወጣ፣ ጥበቃው በዓመቱ ተከተለ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ «ሁዱማ ናምባ» የተባለው ተመሳሳይ ምዝገባ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በፍርድ ቤት ሕገወጥ የተባለው፣ ምዝገባው በሰዎች የግል መረጃ ላይ የሚያመጣው አደጋ አስቀድሞ ስላልተጠና ነበር። የእኛ አዋጅ ዘግይቶም ቢሆን መጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ መሥሪያ ቤት ስለ አንተ ምን እንደያዘ መጠየቅ ትችላለህ፤ የተሳሳተውን አርሙልኝ ማለት ትችላለህ። መረጃ ከእጁ ያመለጠበት አካል በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለብሔራዊ ደኅንነትና ለወንጀል ምርመራ ግን አዋጁ የተለየ በር ትቷል። የእናቴ ፍርሃት የሚያርፈውም በዚያ በር ላይ ነው፤ ባለሥልጣኑም አዲስ አበባ ነው ያለው። አንዲት የሰባ ዓመት እናት ከዚህ ተነስታ እንዴት ታቤቱታለች? ይህን የሚመልስ ጽሑፍ አላገኘሁም።

እንግዲህ አለመመዝገብ ይሻላል ወይ? በዚህ ላይ ከእናቴ ጋር ሁለት ምሽት ተከራክረናል። ያሸነፈችኝ እሷ ናት፤ ያሸነፈችኝም በማይ ወይኒ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው በሚኖሩት ተፈናቃዮች ነው። በየሳምንቱ የምትጠይቃት አንዲት ጓደኛ አላት። ያቺ ሴት ከምዕራብ ስትወጣ በእጇ ምንም ወረቀት አልነበረም። የነበረችበት ጣብያ መዝገቡ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። መሬት ነበረኝ ብትል፣ ልጆቼ ስምንተኛ ክፍል ደርሰው ነበር ብትል፣ ባለቤቴ ጡረተኛ ነበር ብትል «ማስረጃ አምጪ» ነው መልሱ። «መጻፍ ያስፈራል፤ አለመጻፍ ግን እንዲህ ያደርጋል» አለችኝ እናቴ። ምንም ሰነድ ለሌለው ሰው አዋጁ በምስክር የሚመዘገብበትን መንገድ ከፍቷል። እንዲህ ያለች ሴት ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ፣ ፋይዳ ያለው ሰው ይዛችሁላት ሂዱ፤ «ወረቀት የለሽም» ተብላ ከበር እንዳትመለስ።

ሌላም አለ። ባንኮች ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2015 ድረስ ተዘግተው በቆዩበት ጊዜ የብዙዎቻችን ገንዘብ አልጠፋም ነበር፤ አዲስ አበባ በሚገኝ ኮምፒውተር ላይ በሥርዓት ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። እኛ ግን አንድ ኪሎ ጤፍ ልንገዛበት አልቻልንም። መረጃ በአንድ ማዕከል ሲቀመጥ ሽቦው በማን እጅ እንዳለ መቀሌ በተግባር የተማረችው ትምህርት ነው። ስለዚህ እናቴ ፌስታሏን እንድትጥል አልመክራትም፤ ለእናንተም አልመክርም። ወረቀቱ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ጥቃቅኑ ልግባ፤ በእኛ ቤት ጣጣ የመጣው ከዚያ ነውና።

መጀመሪያ ስም ነው። የትግራይ ስም በወረቀት ላይ ብዙ መልክ አለው። ሓጎስ፣ ሐጎስ፣ ሀጎስ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ናቸው። ጸጋይና ፀጋይም እንደዚሁ። ገብረእግዚአብሔር በቀበሌው ካርድ ላይ «ገ/እግዚአብሔር» ሆኖ በባንክ ደብተር ላይ ሁለት ቃል ይሆናል። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ፀሐፊው እንደሰማው ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ቁጭ ብላችሁ ሁሉንም ወረቀት ዘርግታችሁ አስተያዩት፤ የባንኩንና የጡረታውን አጻጻፍ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለመዝጋቢው ስጡት። መዝጋቢው «ተመልከቱት» ብሎ ስክሪኑን ሲያዞርላችሁ መነጽር አድርጉ፤ አትቸኩሉ። ሰልፉ ከኋላ ቢያጉረመርምም ይጠብቅ።

ሁለተኛው የትውልድ ዘመን ነው። እናቴ የተወለደችው በእኛ አቆጣጠር በ1947 ነው፤ ቀኑን የሚያውቅ የለም፤ ከኅዳር ጽዮን በፊት መሆኑን ብቻ አያቴ ትናገር ነበር። 1947 በፈረንጆች አቆጣጠር ተብሎ ከገባ በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ታረጃለች። ለእሷ ምናልባት ያስቃት ይሆናል። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ዓመት ለቀረው መምህር ወይም ትምህርት ቤት ለሚገባ ልጅ ግን አያስቅም።

ሦስተኛውና እኔን በጣም ያሳሰበኝ ስልኩ ነው። የፋይዳ ቁጥር በአጭር መልእክት የሚመጣው ባስመዘገባችሁት ስልክ ነው፤ ኋላም አንድ ቦታ ማንነታችሁ ሲጣራ የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው ወደዚያው ስልክ ነው። ብዙ እናቶቻችን የሚይዙት ሲም ካርድ በራሳቸው ስም የወጣ አይደለም፤ የልጅ፣ የጎረቤት፣ አንዳንዴም ካገር የወጣ የወንድም ልጅ ነው። አያትን ለማስመዝገብ የሰፈሩን ጎረምሳ ስልክ ቁጥር መስጠት፣ የቤቱን ቁልፍ ለእሱ እንደ መስጠት ነው። መጀመሪያ ሲሙን በራሳቸው ስም አውጡላቸው፤ ፋይዳው ከዚያ ይከተላል።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ሁለት ዓይነት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ባለ12 አሐዙ ቋሚ ነው፤ እስከ ዕድሜ ልክ የአንድ ሰው ነው፤ በምስጢር ይያዛል። ባለ16 አሐዙ ለአገልግሎት የሚሰጠው ነው። መታወቂያው ላይ ያለው ኪውአር ኮድ ደግሞ ጌጥ አይደለም፤ መረጃ የያዘ ነው። ልጆቻችን የአያታቸውን መታወቂያ ፎቶ አንስተው «እንኳን ደስ አለሽ» ብለው በቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሲለጥፉ አይቻለሁ፤ በእኛም ቤት ተደርጓል፤ አስጠፍቻቸዋለሁ። ከባንክ ነኝ፣ ከፋይዳ ነኝ ብሎ በስልክ ኮድ ለሚጠይቅ ሰው ኮድ አይነገርም። የተሰረቀ የሚስጥር ቁጥር ይቀየራል፤ የጣት አሻራ አይቀየርም።

የእናቴ መልእክት ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ደረሰ። ሲም ካርዱን አስቀድመን በስሟ አውጥተንላት ስለነበር ስልኩ የጮኸው በእሷ ኪስ ውስጥ ነው። መነጽሯን አድርጋ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችልኝና በእርሳስ ጽፋ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ስሟን አየች። በአባቷ ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ ከጡረታ ደብተሯ ጋር አይገጥምም። እኔ ነበርኩ ስክሪኑን አይቼ «ልክ ነው» ያልኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ተመልሰን እንሄዳለን። መነጽሩን እሷ ትይዛለች።