የእጅ ጂፒኤስ ለገበሬ ማኅበራት፦ ለአሶሳ ምድር የሚበጀው የትኛው ነው?

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በአሶሳና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች፣ በባምባሲ፣ በሆሞሻ፣ በመንጌና በኩርሙክ፣ የመሬት ወሰን ነገር በሽማግሌ ቃልና በተፈጥሮ ምልክት ሲወሰን የኖረ ነው። የማንጎው ዛፍ፣ ጉብታው፣ የወንዙ መታጠፊያ ወሰን ነው ይባላል። ዛፉ ግን ይቆረጣል፤ ወንዙም በክረምት መንገዱን ይለውጣል። የቆላው ቀርቀሃ ደግሞ ብዙ ዓመት ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሲያብብ ጫካው በሙሉ ስለሚደርቅ፣ ወሰኑን በቀርቀሃው ጠርዝ የለየ መንደር ምልክቱን በአንድ በጋ ያጣል። ምልክቱ በጠፋበት ቦታ ሁሉ ክርክር መነሣቱ አይቀርም።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር መሬት እንዲይዝ ተደንግጎ ነበር። ስምንት መቶ ሄክታር ማለት 20 ጋሻ ያህል ነው። በዚያን ጊዜ ለማኅበር መሪዎች የነበራቸው መለኪያ ገመድ ነበር። ገመድ ዝናብ ሲነካው ሌላ፣ ፀሐይ ሲመታው ሌላ ይሆናል። በተዳፋት መሬት ላይ የተዘረጋ ገመድም የሚለካው የዳገቱን ርዝመት እንጂ የመሬቱን ጠፍጣፋ ስፋት አይደለም። በየመቶ ሜትሩ 30 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ 100 ሜትር የሚሞላ ገመድ በጠፍጣፋው ሲታሰብ ወደ 96 ሜትር ዝቅ ይላል።

ዛሬ የገመዱን ቦታ ሊይዝ የተዘጋጀው፣ መጠኑ እጅ መዳፍ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ነው። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 የመሬት ልኬት በባህላዊና በዘመናዊ የቅየሳ መሣሪያዎች እንዲካሄድ ፈቅዶ ነበር፤ ይህንኑ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተክቶታል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በአማራ ክልሎች በፊንላንድ መንግሥት ርዳታ በተካሄደው የመሬት አስተዳደር ፕሮግራም ደግሞ፣ የእያንዳንዱ ማሳ ወሰን ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ኩታ ገጠም ባለይዞታዎች ባሉበት እየተሰመረ የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ እንዲዘጋጅ ተደርጓል። እንዲህ ከሆነ የእጅ ጂፒኤስ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ፎቶግራፉ በየቀበሌው በየዓመቱ አይነሣም። በቀርቀሃ ሥር የተደበቀ ወሰንም ከአየር አይታይም። የግጦሽ መሬትን፣ የምንጭን፣ የመቃብር ቦታን፣ ተከልሎ ያገገመን ደንና ለባለሀብት በሊዝ የተሰጠን መሬት ጠርዝ ግን የማኅበሩ መሪ ራሱ ሄዶ ሊመዘግበው ይችላል።

ጂፒኤስ የተባለው ሥርዓት በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የተጀመረ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሳተላይት የመጠቀው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይዞራሉ። በእጅ ያለው መሣሪያ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት ሲይዝ የቆመበትን ቦታ ያሰላል። ለዚህ የስልክ ኔትወርክም ሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ጂፒኤስ አይሠራም የሚለው ወሬ እንግዲህ መሠረት የለውም።

እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ አሜሪካኖች ለሲቪሉ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ስለነበረ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ይህ ማዛባት ቀረ። በማግሥቱ በኦሪገን ግዛት ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ልዩ ልዩ ዕቃ የያዘ ባልዲ ጫካ ውስጥ ደብቆ የቦታውን ቁጥር ለሌሎች በማስታወቅ፣ ያገኘ ሰው ዕቃ እንዲወስድና ሌላ እንዲተካ ጋበዘ። የተደበቀን ዕቃ በጂፒኤስ የመፈለጉ ጨዋታ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፋ፤ ጂኦካሺንግ ይሉታል። ይህ ለአሶሳ ገበሬ ምን ይጠቅመዋል ቢባል፣ ጥቅሙ በገበያው በኩል ነው። ለጨዋታው ሲባል አምራቾች ዝናብ የማይበግራቸው፣ ከእጅ ቢወድቁ የማይሰበሩና ዋጋቸው ቀለል ያለ መሣሪያዎች በብዛት አወጡ። ባልዲ ለሚፈልገው የተሠራው መሣሪያ የወሰን ማዕዘንንም ፈልጎ ያገኛል።

ይሁን እንጂ የመሣሪያው ጉልበት እስከምን ድረስ እንደሆነ ሳያውቁ መግዛት ጠብ መግዛት ሊሆን ይችላል። የእጅ ጂፒኤስ በገላጣ ሜዳ ላይ ከ3 እስከ 5 ሜትር፣ በወፍራም ቅጠል ሥር ደግሞ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሳሳት ይችላል። አንድ ጥማድ ወይም ሩብ ሄክታር የሆነ ማሳ 50 ሜትር በ50 ሜትር ነው እንበል። የጎኑ ርዝመት በ3 ሜትር ተሳስቶ 53 በ53 ቢመዘገብ ስፋቱ ከ2,500 ወደ 2,809 ካሬ ሜትር ይወጣል፤ ከመቶ 12 እጅ በላይ ስሕተት መሆኑ ነው። ያው የ3 ሜትር ስሕተት በ4 ሄክታር ማሳ ላይ ሲሆን ከመቶ 3 ያህል፣ በ800 ሄክታር የማኅበር ክልል ላይ ሲሆን ግን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ስለማያደላ አንዱ ማዕዘን ሌላውን የሚያካክስበት ጊዜ ቢኖርም፣ በዚያ መታመን አይቻልም።

በመሆኑም የእጅ ጂፒኤስ ለሰፊ የወል መሬትና ለቦታ ምልክት ጥሩ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በሚካፈሉት የጓሮ መሬት ላይ ግን ከብረት ሜትር አይበልጥም። አንዲት መበለት ከባሏ የቀረላት ግማሽ ጥማድ፣ ማለትም 1,250 ካሬ ሜትር፣ በመሣሪያው መስኮት ላይ በታየ ቁጥር ብቻ ተቀንሶባት እንደሆነ የበደሉ ምንጭ መሣሪያው አይደለም፤ ሥራው ያልሆነውን ያሠራው ሰው ነው።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ለማኅበር ገንዘብ ከሚቀርቡት መካከል ስሙ የታወቀው ጋርሚን የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኢትሬክስ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢትሬክስ 10 በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ዋጋው 120 ዶላር ያህል ነበር። ቀለም የሌለው መስኮቱ በቀትር ፀሐይ በደንብ ይነበባል፤ በሁለት ዱብል ኤ የባትሪ ድንጋይ ከ20 ሰዓት በላይ ይሠራል፤ ከአሜሪካኖቹ ሌላ የሩሲያዎቹን ሳተላይቶች ይቀበላል፤ አንድ ሺህ የቦታ ምልክት ይይዛል። በማሳው ዙሪያ ሲኬድበትም ስፋቱን ራሱ ያሰላል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢትሬክስ ኤስኢ ደግሞ በ150 ዶላር የቀረበ ሲሆን፣ በሁለት ድንጋይ እስከ 168 ሰዓት እንደሚሠራ አምራቹ አስታውቋል። መብራት በማይደርስበት ቀበሌ ይህ የባትሪ ጉዳይ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። በራሱ ውስጥ የታሸገ ባትሪ ያለው መሣሪያ ቻርጅ የሚደረግበት ከጠፋ ዕቃ ብቻ ነው፤ ድንጋይ ግን በወረዳ ከተማ ሱቅ ሁሉ ይገኛል። ርካሹ ድንጋይ ውሃ አውጥቶ መሣሪያውን ስለሚያበላሽ፣ ሥራ በማይኖርበት ወራት አውጥቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ባለቀለም መስኮት፣ የፎቶግራፍ ካሜራ፣ የአየር ግፊት መለኪያና የውጭ አገር መንገዶች ካርታ ዋጋውን እጥፍ ድርብ ያደርጉታል፤ ወሰኑን ግን በአንድ ሜትር እንኳ አያጠሩትም። ገንዘብ ተርፎ የሚጨመርለት ነገር ቢኖር የተሻለ አንቴና ነው። ከራሱ ላይ እንደ ጉቶ ወጣ ያለ አንቴና ያላቸው የዚያው ኩባንያ ጂፒኤስማፕ የተባሉት መሣሪያዎች በቀርቀሃና በዛፍ ሥር ምልክት በመያዝ ከኢትሬክስ ይሻላሉ። አብዛኛው መሬቱ ደን የሆነ ቀበሌ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። ሜዳማ ለሆነ ቀበሌ ግን ብክነት ይሆናል።

አሮጌ መሣሪያ በርካሽ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች አይታጡም። አሮጌ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ይሁንና የጂፒኤስ ሥርዓት ቀንን የሚቆጥረው በሳምንት ሲሆን፣ ቆጠራው በየ1,024 ሳምንቱ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል። መጋቢት 2011 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ይህ በሆነ ጊዜ ብዙ አሮጌ መሣሪያዎች ቀኑን ወደ ኋላ ወደ 20 ዓመት ያህል መልሰውታል። ቦታውን በትክክል ቢናገሩም፣ የ2017 ዓ.ም. ልኬት በ1990ዎቹ እንደተካሄደ አድርጎ የሚመዘግብ መሣሪያ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ አያወጣም። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ቀኑን ማየት በቂ ነው።

የአሶሳን አካባቢ በተለይ የሚመለከት አንድ ችግር ደግሞ አለ። ቦታን በሜትር የሚገልጸው የዩቲኤም ሥርዓት ምድርን በዞን የከፋፈለ ሲሆን፣ የ36ኛውና የ37ኛው ዞን መለያ መስመር የሆነው 36 ዲግሪ ምሥራቅ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን አቋርጦ ያልፋል። አሶሳ፣ ባምባሲና ኩርሙክ በ36ኛው ዞን ናቸው። በመተከል በኩል ፓዌና ግልገል በለስ፣ እንደ አዲስ አበባም ሁሉ፣ በ37ኛው ዞን ይገኛሉ። በመስመሩ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ጎረቤቶች አንዱ የምሥራቅ ቁጥሩ ወደ 829 ሺህ፣ ሌላው ወደ 171 ሺህ ሆኖ ያገኘዋል። የዞኑ ቁጥር አብሮ ካልተጻፈ ወረቀቱ የማንም ማሳ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የባሰው የካርታ መነሻ ጉዳይ ነው። በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት የታተሙት ባለ 1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በተባለው መነሻ የተሠሩ ናቸው። ጂፒኤስ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ደብልዩጂኤስ 84 በተባለው ላይ ተስተካክሎ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ አካባቢ ከ100 ሜትር ይበልጣል። አንዱን በሌላው ላይ ያነበበ ሰው የባለሀብቱን እርሻ ጠርዝ ከመንደሩ የግጦሽ መሬት ላይ፣ ወይም የመንደሩን ግጦሽ ከባለሀብቱ እርሻ ላይ ሊያሳርፍ ይችላል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በክልሉ ሰፋፊ መሬት በሊዝ ሲተላለፍ እንደነበረ ለሚያስታውሱ መሪዎች የ100 ሜትር ጉዳይ ቀላል አይደለም። የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በየትኛው መነሻና በየትኛው ዞን እንደሚሠራ ጠይቆ መሣሪያውን በዚያው ማስተካከልና በመዝገቡ አናት ላይ መጻፍ የግድ ነው። ዲግሪ፣ ደቂቃና ሴኮንድ የሚጠቀም ካለም ከሴኮንድ በታች ያለውን ክፍልፋይ አይተው፤ አንድ ሴኮንድ 31 ሜትር ያህል ነውና።

የእጅ ስልክስ አይበቃም ወይ? ዘመናዊ ስልክ በገላጣ ቦታ ከርካሹ ጂፒኤስ ብዙም አይርቅም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስልክ ካለው ለምንጭና ለዛፍ ችግኝ ጣቢያ ምልክት ሌላ ወጪ አያስፈልግም። ችግሩ ያለው ቀኑን ሙሉ በእግር በሚኬድበት የወሰን ሥራ ላይ ነው፤ ባትሪው ከቀትር በኋላ ያልቃል፣ መስኮቱ በፀሐይ አይነበብም፣ ዝናብም ይፈራል። ከዚህ ሌላ ስልክ የግለሰብ ንብረት ነው። ሠራተኛው ሲዛወር የቀበሌው ወሰን አብሮት ይዛወራል።

መሣሪያውን የሚረከበው ኮሚቴ ከሱቅ ውጭ፣ ሰማይ በሚታይበት ቦታ አስከፍቶ ሊሞክረው ይገባል። ከሌላ አገር የመጣ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ሳተላይቶቹን ለመያዝ ብዙ ደቂቃ ቢፈጅ አያስደነግጥም። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቱን ሜዳ በብረት ሜትር 100 በ50 አድርጎ ለክቶ በአራቱ ማዕዘን ችካል መትከልና መሣሪያውን ይዞ ጧት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ መዞር ነው። ውጤቱ ወደ ግማሽ ሄክታር ተጠግቶ በሁለቱም ጊዜ የሚቀራረብ ከሆነ መሣሪያው ደህና ነው። አንዱ ከሌላው በጣም ከራቀ ለሻጩ መመለስ ይሻላል። በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ መመዝገብ እየተራመዱ ከመመዝገብ እንደሚሻልም በዚሁ ሙከራ ይታያል።

በሥራው ላይ ቁጥሩን በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ብቻ መተው አደጋ አለው። በ2013 ዓ.ም. በመተከልና በካማሺ ዞኖች ብዙ ሕዝብ ሲፈናቀል እንደታየው፣ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ችካሉም፣ ቤቱም፣ የቀበሌው መዝገብም ላይገኝ ይችላል። ቁጥሩ፣ ዞኑ፣ የካርታ መነሻው፣ ቀኑና አብረው የዞሩት የሁለቱ ወገን ባለይዞታዎች ስምና ፊርማ በሁለት ደብተር ይጻፋል፤ አንዱ በቀበሌው፣ ሌላው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። የመሣሪያው ማውጫ በአማርኛም በበርታኛም ስላልተዘጋጀ፣ ንባቡን የሚያውቅ አንድ ወጣት ብቻ ሳይሆን ከኮሚቴው ቢያንስ ሦስት ሰው፣ ከሦስቱም አንዷ ሴት፣ ቢሠለጥኑበት ነው የሚሻለው። ሥራውን ለመጀመር የሚመቸው ጊዜም ከማሽላው አጨዳ በኋላ ሣሩ ሲደርቅና ማዕዘኖቹ በዓይን ሲታዩ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው።